አምስት ደቂቃ የማትፈጀው ሥራ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ርዕሴም ብዙ የሚያጓጓ አይደለም፤ የዌብሳይት ጥገና ነው። ዲዛይኑ አይደለም፣ ምርቃቱም አይደለም። ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የዌብ ዲዛይን ድርጅት አለችኝ። ሥራችን አዲስ ዌብሳይት መሥራት ነው ብለን ነበር የጀመርነው። ጥቂት ዓመት ስትቆዩበት ግን ቀናችሁን የሚበላው ድሮ የሠራችሁት ነው። አንዱ ስልክ ቁጥር ቀይሯል። አንዷ ቅርንጫፍ ከፍታለች፣ አድራሻው ይግባልኝ ትላለች። ሆቴሉ ለገና ያስለጠፈው ባነር ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ አሁንም "እንኳን አደረሳችሁ" ይላል። ፕለጊኖቹ፣ ማለትም ዌብሳይቱ ላይ የሚጨመሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አፕዴት ይፈልጋሉ። ዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕረስ ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠራበት ስለሆነ ሰርጎ ገቦችም በደንብ ያውቁታል፤ አፕዴቱን ነገ ዛሬ ማለት አያዋጣም። ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፣ ብዙ ጊዜ በቮይስ፣ ብዙ ጊዜ ማታ። "እህቴ፣ ይቺን ቶሎ አስተካክይልኝ፤ አምስት ደቂቃ አትፈጅም።"

እውነታቸውን ነው፤ ስልክ ቁጥር መቀየር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚፈጀው ዙሪያው ነው። ቮይሱን ማዳመጥ። የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ መጠየቅ። ፓስወርድ መፈለግ። ባክአፕ መያዝ። ቀይሮ በስልክም በኮምፒውተርም ማየት፣ ስክሪንሾት መላክ፣ "ይሄኛው ሳይሆን ታች ያለው" ሲባል ደግሞ እንደገና መግባት። ይሄ ሁሉ አልቆ ዲዛይነሯ ወደ ጀመረችው ሥራ ስትመለስ የት ጋ እንደነበረች ጠፍቷታል።

ስለዚህ ጥቃቅኑን ከድርጅታችን ውጭ ላለ ሰው እንስጥ አልን። መጀመሪያ የሞከርነው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው። በወር ይህን ያህል ዶላር ክፈሉ፣ ትንንሽ ለውጦችን የፈለጋችሁትን ያህል ላኩ የሚል። ፈጣኖች ናቸው፣ ትሑቶችም ናቸው። ማታ የላክነው ጠዋት አልቆ እናገኘዋለን።

ችግሩ ሰዓታችን ነው። አንድ ክሊኒክ አለ፣ ከጠዋቱ 2፡30 ነው የሚከፍተው። ሠራተኛው የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል አድርጎ አስገባው። በእሱ ሰዓት 2፡30 ከነ"ጠዋቱ" ያ ነዋ! ሌላ ጊዜ ደግሞ ለጥቅምት 12 ቀን 2017 የተያዘ ሥልጠና ኦክቶበር 12 ቀን 2017 ተብሎ ወጣ። ማለትም ከሰባት ዓመት በፊት የተካሄደ ሥልጠና ሆነ፤ ምዝገባው ግን ክፍት ነው።

ፊደሉ ደግሞ አለ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የጋራ የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ግን ዛሬም በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ሰነድ የሚልክልን ቢሮ አይጠፋም። ያን ኮፒ አድርጋችሁ ዌብሳይት ላይ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። አማርኛ የሚያነብ ሰው ገና ሲያየው ይስቃል። አማርኛ የማያነብ ሰው ግን ለእሱ ድሮውንም የማይገባ ጽሑፍ ነው፤ የታዘዘውን ለጥፎ "አልቋል" ይላል። ሰውየው ጥፋት የለበትም። የማያውቀውን ነገር እንዲጠራጠር ልትጠይቁት አትችሉም።

ቢሆንም የለየን ፊደሉ አልነበረም፣ ዶላሩ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዓመቱ ከ130 አለፈ። የኛ ውል በብር ነው፣ የነሱ ሂሳብ በዶላር። ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

በዚያው ሐምሌ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተጀመረ፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ሐዋሳም ባሕር ዳርም፣ እዚሁ ሰፈራችንም። አንድ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ልጆቹ ከባዶ ተነስቶ መሥራት ይችላሉ። ሌላ ሰው የሠራው አሮጌ ቤት ገብቶ፣ ምንም ሳይሰብሩ አንድ ነገር ብቻ ነክቶ መውጣት ግን ሌላ ሙያ ነው። እሱን የሚያስተምር ኮርስ እስካሁን አላየሁም።

ሐዋሳ ያለ አንድ ልጅ ያዝን። ክፍያው በቁጥር ነበር፤ ስልክ ቁጥር መቀየር ይህን ያህል፣ ፎቶ መጨመር ይህን ያህል፣ አፕዴት ይህን ያህል። ንጹሕ ሥራ ነው የሚሠራው። እና አንድ ቀን አስጎብኚ ድርጅት ያላቸው ደንበኛችን ደወሉ። "ልጄ፣ በዌብሳይቱ ሰው መጻፍ አቆመ እንዴ?" አሉኝ። ገብተን ስናይ ፎርሙ ይሠራል፣ "መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" ይላል። ኢሜይሉ ግን የትም አይደርስም። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ላኪው ማን እንደሆነ በዶሜይኑ (በዌብሳይቱ አድራሻ) በኩል ያልተረጋገጠ ኢሜይል ላይ ጠበቅ ብሏል፤ በዎርድፕረስ በኩል ዝም ብሎ የሚላከው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ያለው ነው። "አልተላከም" የሚል ቀይ ዝርዝር አስተዳዳሪው ገጽ ላይ ተደርድሯል።

ልጁ በዚያ ገጽ ስንቴ ገብቶ ወጥቷል። ስጠይቀው፣ "አይቼው ነበር እኮ። ግን ያላዘዛችሁኝን መንካት ፈራሁ" አለኝ።

ልክ ነው። ቁጥር ለቀየረበት እንጂ ዙሪያውን ላየበት የሚከፍለው የለም። እንዲያውም ቢናገር ይጎዳዋል፤ ማስረዳት አለበት፣ መጠየቅ አለበት፣ ለዚያ ጊዜ ሳንቲም አያገኝም። በቁጥር እየከፈሉ ተቆርቋሪነት መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የምንገዛው እጁን ብቻ ከሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሠራ አይፈረድበትም።

አሁን በወር ነው የምንከፍለው፣ በዌብሳይት። ትእዛዝ ይኑርም አይኑርም። የሱ ድርሻ በየወሩ እንደ ማንም ሰው ገብቶ መዞር ነው። ፎርሙን ሞልቶ መላክና መድረሱን ማረጋገጥ። የተጻፈውን ስልክ መደወል። በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ከፍቶ ማየት፤ የቢሮ ዋይፋይ ያታልላል። ሱቅ ያለው ዌብሳይት ከሆነ እቃ መርጦ እስከ ቴሌብር ክፍያው ድረስ መሄድ። ኤስኤስኤሉ፣ ያ የዌብሳይቱ የደህንነት ሰርተፊኬት፣ በራሱ እየታደሰ መሆኑን ማየት፤ ነፃዎቹ ብዙ ጊዜ ለ90 ቀን ብቻ ናቸው፣ ማደሻው ከቆመ አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛው ቀይ ማስጠንቀቂያ ይጠብቀዋል። ከዚያ ያየውን በሦስት በአራት መስመር ይጽፍልናል። "ምንም የለም" ብሎ ከጻፈም ይከፈለዋል።

ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ነው ከባዱ። "ምንም ካላስቀየርኩ ለምን እከፍላለሁ?" ይላሉ። ሕንፃችሁ ውስጥ ያለውን ጄነሬተር መብራት ሳይጠፋ ለምን እያስነሳችሁ ታዩታላችሁ እላለሁ። ለአንዳንዱ ይገባዋል። አንዳንዱ ጄነሬተሩንም አያስነሳውም።

የማንሰጠው ነገር አለ። ዶሜይንና ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) በደንበኛው ስም፣ በደንበኛው ኢሜይል ይሆናል። የልጁም አይሆንም፣ የኛም አይሆንም። ለልጁ የራሱን አካውንት እንከፍትለታለን፣ ለሥራው በሚበቃ ፈቃድ። ያው አንድ ፓስወርድ በቴሌግራም ለሁሉም ሲላክ ሳይ ያመኛል።

ሌላው የሚያከራክረን የልጁ ስም ነው። የሙያ ጓደኞቼ ደንበኛው እንዳያውቀው ይደብቁታል፣ "ይነጥቀናል" ብለው። መካከል ቆመው ቮይስ ከዚህ ወደዚያ ሲያመላልሱ ይውላሉ። እኔ ግሩፑ ውስጥ አስገባዋለሁ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው ወይ ብሎ ራሱ ይጠይቃቸዋል። ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ አሁን እኔን አይደውሉልኝም፣ እሱን ነው የሚፈልጉት። ትንሽ ይከነክነኛል፣ አልዋሽም። ግን ማታ ማታ ስልኬ ዝም ብሏል።

ያልፈታሁት ዋጋውን ነው። የፕለጊኖቹ ፈቃድ በዶላር ይታደሳል፣ የልጁ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ የደንበኛው ውል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ባለበት ነው። ውሉን በየስድስት ወሩ እንከልስ ስል ደንበኞቼ ያኮርፋሉ። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? እዚህ ሥራ ውስጥ ያላችሁ በድምፅም ቢሆን ላኩልኝ። ቻው፣ ደህና ሁኑ።