የበረዶው ደን ዱቤ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ በሰሜን ካናዳ ደን ውስጥ የበረዶውን ወራት በሙሉ ወጥመድ እየዘረጉ ስለኖሩ፣ ዛሬም ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ኑሯቸው ባለፀጉር ቆዳ ነው። እኔ የምኖረው ዊኒፔግ ነው፤ ከተማዋ በዚህ ንግድ መንገድ ላይ የበቀለች ናት። ንግዱን ለዘመናት የመራው የሃድሰን ቤይ ኩባንያ መዝገብ የተቀመጠውም እዚሁ፣ በማኒቶባ ቤተ መዛግብት ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የሩቅ ታሪክ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም። ሲያብሰለስለኝ ከርሟል።

ስለ እነዚህ አዳኞች ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ጢሙ በረዶ ያዘለ፣ አለቃ የሌለው፣ ለማንም የማይታዘዝ ብቸኛ ወንድ ነው። ይህን ሥዕል አልወደውም። ስለ እነርሱ ባነበብኩ ቁጥር የማገኘው ባለዕዳ ሰው ነው። በነጋዴው መዝገብ የሠፈረ ዕዳ አለ፤ ማንም ያልጻፈው ግን ከዚያ ይበልጣል። ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለዚያኛው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገራችሁ። በመጸው፣ ወንዞቹ ሳይረጉ፣ አዳኙ ወደ ንግድ ጣቢያው ይወርዳል። ዱቄት፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ባሩድ፣ የብረት ወጥመድ ይወስዳል። ገንዘብ አይከፍልም፤ በዱቤ ነው። ነጋዴው በስሙ ይጽፍበታል። ሒሳቡ የሚወራረደው በረዶው ቀልጦ ታንኳ መንቀሳቀስ ሲችል፣ ይዞት በሚመጣው ቆዳ ነው።

ከዚያ ወደ ደኑ ይገባል። የወጥመዱ መስመር ዞሮ የሚመለስ ረጅም መንገድ ነው፤ በየአንድ ቀን ጉዞው ትንሽ የእንጨት ጎጆ ወይም ድንኳን ይኖረዋል። ሰውየው ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው እየሄደ ወጥመዶቹን ይፈትሻል፣ የተያዘውን ያወጣል፣ መልሶ ያጠምዳል። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስም ሥራው አለ። እንዲያውም ቆዳው ዋጋ የሚያወጣው በዚያ ብርድ ነው፤ የእንስሳው ፀጉር የሚወፍረውና የሚያምረው ያኔ ነውና። በሙቀት ወራት የተያዘ እንስሳ ፀጉሩ የሳሳ፣ ለገበያ የማይረባ ነው።

ቢቨርን እንውሰድ። ቢቨር በጥርሱ ዛፍ ጥሎ ወንዝ የሚገድብ፣ ከእንጨትና ከጭቃ በውኃ መካከል ቤት የሚሠራ እንስሳ ነው። በብርዱ ጊዜ ከረጋው ውኃ በታች ይመላለሳል። አዳኙ ወፍራሙን በረዶ በብረት እየፈለፈለ መተላለፊያውን ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ ወጥመዱን ወደ ውኃው ያወርዳል፤ ማባበያው ቢቨሩ የሚወደው ለጋ ቅርንጫፍ ነው። እጁን እዚያ ውኃ ውስጥ ነክሮ ያወጣል፣ ያደርቃል፣ ይቀጥላል። ማታም አያርፍም፤ መግፈፍ አለ፣ ስቡን መፋቅ አለ፣ ቆዳውን ከአኻያ በተቀለበሰ ክብ እንጨት ላይ ወጥሮ መስፋት አለ። የቢቨር ቆዳ ክብ ሆኖ ነው የሚደርቀው። ማርተን የተባለው ትንሽ የደን እንስሳና ቀበሮ ደግሞ ሆዳቸው ሳይቀደድ ተገልብጠው ይገፈፉና በጠባብ ሳንቃ ላይ ይወጠራሉ። ቢላዋው አንድ ጊዜ ከሳተ የቆዳው ዋጋ ወረደ ማለት ነው።

ረኃብም አለ። የሰሜኑ የበረዶ ጥንቸል እየተራባ ደኑን ከሞላ በኋላ በድንገት ያልቃል፤ ይህ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይደጋገማል። ጥንቸሉ ሲያልቅ እርሱን እየበላ የሚኖረው ሊንክስ የተባለው የዱር ድመትም ተከትሎት ይመነምናል። ቻርልስ ኤልተን የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ይህን ዑደት ያጠናው ከኩባንያው የቆዳ መዝገብ ነው፤ ሥራው ዛሬም በሥነ ምኅዳር ትምህርት ይጠቀሳል። እኔ ግን ቁጥሩ ያሽቆለቆለባቸውን ዓመታት ሳይ የሚታየኝ ጎጆ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ነው። የሚሸጠውም የሚበላውም በአንድ ላይ ጠፍቷል፤ በመጸው የተወሰደው ዱቄት ግን በመዝገቡ ላይ እንዳለ አለ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ነበር? ለባርኔጣ። የቢቨር ውስጠኛው ለስላሳ ፀጉር እርስ በርሱ ተያይዞ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ በአውሮፓ ከእርሱ የተሻለ የባርኔጣ ጥሬ ዕቃ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1670 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ፣ ወደ ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ የሚፈስ ወንዝ ያለበትን ምድር ሁሉ ለአንድ ኩባንያ ሰጠ። ይህ ከዛሬይቱ ካናዳ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ነው። ክሪዎች፣ ዴኔዎችና ሌሎች ሕዝቦች የሚኖሩበትን፣ ንጉሡ በዓይኑ ያላየውን አገር ነው የሰጠው። ኩባንያው በምላሹ እንዲከፍል የተጠየቀውን ስሙ፤ ንጉሡ ወይም ወራሾቹ ያንን ምድር በረገጡ ጊዜ ሁለት ኤልክ የተባሉ ትልልቅ አጋዘኖችና ሁለት ጥቁር ቢቨሮች። በ1939 ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ እዚህ ዊኒፔግ ሲመጣ ይኸው ግብር በሥነ ሥርዓት ተከፍሎታል። ለምድሩ ባለቤቶች የተከፈለ ነገር ግን ንጉሡ ምድሩን በሰጠበት በዚያ ሰነድ ውስጥ የለም።

በጣቢያዎቹ ገንዘብ አይዘዋወርም ነበር። የዋጋ መለኪያው አንድ ምርጥ የአዋቂ ቢቨር ቆዳ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን አንድ የናስ ማሰሮ በአንድ ቆዳ፣ አንድ ረጅም ጠመንጃ ከ10 እስከ 12 ቆዳ ይገዛ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደግሞ ተለብሶ የቆየ ቆዳ ከአዲሱ ይበልጥ መፈለጉ ነው። ክሪዎች የቢቨር ቆዳ ካባ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርገው ዓመት ያህል ሲለብሱት፣ ረጅሙና ሻካራው ፀጉር በሰውነት እየታሸ ይረግፋል፣ ቆዳውም በላብና በስብ ይለሰልሳል። ለባርኔጣ የሚፈለገው ያ ነው። የአንዲት እናት ያረጀ ካባ ባሕር ተሻግሮ የለንደን ጌታ ራስ ላይ ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ፍትሕ አይሆንም። ክሪዎች የተሰጣቸውን ሁሉ የሚቀበሉ የዋሆች አልነበሩም። ማሰሮው ከከበዳቸው፣ ጠመንጃው በብርድ ከተሰነጠቀ፣ ባሩዱ ሲሰፈር ከጎደለ ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ተፎካካሪ ነጋዴ ካለም ወደዚያ ይሄዳሉ። አቅማቸው የተዳከመው በ1821 የሃድሰን ቤይ ኩባንያና ታላቁ ተፎካካሪው ሲዋሐዱ ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ሰሜን ዱቤ የሚሰጥ አንድ እጅ ብቻ ቀረ። አማራጭ የሌለው ባለዕዳ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም።

አሁን ወዳልተጻፈው ልምጣ።

በማኒቶባ ሙዚየም የዚህ ንግድ ቅርሶች አሉ። እኔ እዚያ ስሄድ ጠመንጃዎቹን አልፌ የምቆመው የበረዶ ጫማዎቹ ዘንድ ነው። ቅርጹ እንደ ቅጠል የረዘመ የእንጨት ክፈፍ ሆኖ፣ መካከሉ በጥሬ ቆዳ ጠፍር የተወጠረ ነው። ያን ጠፍር ቀረብ ብዬ ሳየው የአያቶቻችን የጠፍር አልጋ ይታወሰኛል፤ ነገር ግን ይኼኛው እጅግ የቀጠነ፣ ቀዳዳው ስንጥር የሚያህል፣ አንዱ መስመር ከሌላው የማይበልጥ ነው። ያለ እርሱ በዚያ በረዶ ላይ የሚራመድ ሰው እስከ ወገቡ ይሰጥማል፤ ወጥመድ የለም፣ ቆዳ የለም፣ ንግድ የለም። ጠፍሩን ቆርጠው የሠሩት ሴቶች ናቸው። ቆዳውን የሚፍቁት፣ የሚያለፉት፣ ጓንቱንና መጫሚያውን የሚሰፉት፣ ባል ርቆ ሲሄድ በጎጆው ዙሪያ ጥንቸል በገመድ ወጥመድ ይዘው ልጆቹን የሚያበሉት እነርሱ ናቸው። በመዝገቡ ላይ ግን ዱቤ ወሰደ፣ ዕዳ ከፈለ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የባል ስም ነው።

ሳሙኤል ሄርን የተባለ የኩባንያው ሰው ወደ ሰሜን ውቅያኖስ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልተሳካለትም። ማቶናቢ የተባለው የዴኔ መሪ የውድቀቱን ምክንያት ሲነግረው፣ ሴቶችን ሳትይዝ ስለሄድህ ነው አለው፤ ሸክሙን ማን ይሸከማል፣ ድንኳኑን ማን ይተክላል፣ ልብሱን ማን ይሰፋል? ሄርን በሦስተኛው ጉዞ ከማቶናቢና ከሴቶቹ ጋር ሄደ፤ በሐምሌ 1771 የኮፐርማይን ወንዝ ወደ ውቅያኖሱ ከሚገባበት ደረሰ። ዝናው ግን የእርሱ ሆነ።

ከዚያም በፊት ታናደልተር ነበረች። በ1713 በክሪዎች ተማርካ፣ በዓመቱ አምልጣ፣ ዮርክ ፋክትሪ ወደተባለው ጣቢያ የደረሰች ወጣት የዴኔ ሴት ናት። ክሪና ዴኔ እየተጋደሉ ሳለ ከሰላም ልዑካን ጋር በዚያ ባዶ በረዷማ ምድር ተጓዘች፤ ረኃቡ ልዑካኑን በታተናቸው። እርሷ ግን ብቻዋን ቀድማ ወገኖቿን አገኘችና ድምፅዋ እስኪዘጋ ተናግራ አሳምና አመጣቻቸው። በየካቲት 1717 በሕመም ሞተች። በእርሷ ሰላም ላይ የተሠራው ንግድ ለዘመናት ትርፍ አስገኝቷል።

ይህን ሳነብ አገሬን አስባለሁ። ቆዳ የሚያለፋ ሰው በእኛ ዘንድ የደረሰበትን ታውቃላችሁ፤ እጁ የሠራውን ጫማና ኮርቻ እየተጠቀምን ልጁን ለጋብቻ የማንፈልግ ሆነን ኖረናል። በክሪዎች ዘንድ ቆዳ አሳምራ የምታለፋ ሴት ክብር ነበራት። ይህ ልዩነት ያሳፍረኛል፤ ደግሞም መማሪያ ይሆነኛል።

ለእንስሳውስ ያለው ዕዳ? በክሪዎች ባህል እንስሳው በአዳኙ ብልጠት ብቻ የሚያዝ አይደለም፤ ራሱን የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የቢቨር አጥንት ለውሻ አይጣልም፤ ወደ ውኃው ይመለሳል ወይም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ያ ክብር የገበያውን ጥድፊያ ሁልጊዜ ሊቋቋም አልቻለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ከሃድሰን የባሕር ወሽመጥ በስተደቡብ ባለው በጄምስ ቤይ አካባቢ ቢቨር ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ያኔ ሩፐርት ሃውስ በተባለው ጣቢያ የነበሩት ጄምስ ዋትና ባለቤቱ ሞድ ዋት ከክሪዎች ጋር ተነጋግረው፣ ኩቤክ የተባለውን የካናዳ ክፍለ ሀገር መንግሥት አሳምነው፣ በ1932 የተጠበቀ ክልል አስከለሉ። ቤት ለቤት የቢቨር ጎጆ እየቆጠሩ የጠበቁት የክሪ አዳኞች ራሳቸው ናቸው። ለዓመታት ሳይገድሉ ታገሡ፤ ቢቨሩም ተመለሰ። ባዶ ሆድ ይዞ ያን ያህል መታገሥ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍራንክ ኮኒቤርንም ላንሣላችሁ። በሰሜን ካናዳ፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ በተባለው ግዛት ለብዙ ዓመታት ያጠመደ ሰው ነው። የዚያ ዘመን ወጥመድ የእንስሳውን እግር ነክሶ ይይዛል፤ አዳኙ እስኪመጣ ድረስ እንስሳው በሕይወት እየተሰቃየ ይቆያል። ኮኒቤር ይህን እያየ መኖር ከበደው። በቅጽበት የሚገድል ወጥመድ ለመሥራት ዓመታት ፈጀ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በፋብሪካ ተመርቶ ለገበያ ዋለ። መግደሉን አልተወም፤ ሥቃዩን ግን የራሱ ኃላፊነት አደረገው። ይህን ሰው አከብረዋለሁ።

በአደኑ ላይ ከከተማ የመጣው ተቃውሞ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልለየም። በ1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ “ሲል” የተባለው የባሕር እንስሳ ግልገል ቆዳ እንዳይገባ ሲያግድ፣ ኢኑይት የተባሉት የሩቅ ሰሜን ነባር ሕዝቦች የሚያድኑት አዋቂውን፣ ሌላ ዓይነቱን “ሲል” ቢሆንም ገበያው በሙሉ ተደረመሰ። ሥጋውን በልተው ቆዳውን ሸጠው የሚኖሩ መንደሮች ገቢያቸውን አጡ። የእንስሳው ሥቃይ እውነት ነው፤ እኔም ይሰማኛል። ውሳኔው ሲወሰን ግን ለባርኔጣና ለካፖርት ዘመናት ያስገደለው ከተማ ምንም አልከፈለም፤ የከፈለው ጎጆው ነው።

እናም በጄምስ ቤይ ክሪዎች የተገኘ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። ኩቤክ በወንዞቻቸው ላይ ግዙፍ የኤሌክትሪክ ግድብ ልሥራ ባለች ጊዜ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ በ1975 ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ መሠረት ለአዳኞችና ለአጥማጆች የገቢ ዋስትና ፕሮግራም ተቋቋመ። አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን ይከፈለዋል። ለቆዳው ሳይሆን ለቀኑ። የባርኔጣ ፋሽን ተለወጠ አልተለወጠ፣ ጥንቸሉ በዛ አለቀ፣ ቀኑ ይቆጠራል፤ ሚስትም ባልም ይቆጠራሉ። ሃድሰን ቤይ ኩባንያ ራሱ በ2025 በዕዳ ተይዞ የቀሩትን መደብሮቹን ዘጋ። የክሪ ቤተሰቦች ግን በዚያው ዓመት መጸው ዕቃቸውን ጭነው፣ አንዳንዶቹ በመኪና አንዳንዶቹ በትንሽ አውሮፕላን፣ ወደ ወጥመድ መስመራቸው ገብተዋል።

በሚቀጥለው ዝግጅቴ ስለ ታናደልተር ብቻ በሰፊው አወራለሁ፤ ዛሬ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ማለፌ አልበቃኝም። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።