የምታረጋጋውንስ ማን ያረጋጋታል?

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ውድ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፣

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ «ስለ ቤተሰብ ትንሽ ንገሪያቸው» ሲሉኝ ሳላቅማማ እሺ አልኩ፤ ከእናንተ ጋር የጀመርነውን ወሬ ገና ስላልጨረስነው ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳላችሁ ፈንክሽናሊስቶችን፣ እያንዳንዱ የማኅበረሰብ ክፍል ለመላው ማኅበረሰብ የሚፈጽመው ተግባር አለ የሚሉትን የሶሲዮሎጂ ምሁራን፣ በሁለት ሳምንት አጣድፌ እንዳሳለፍኳችሁ ታስታውሳላችሁ። ዝርዝራቸውን በቃላችሁ ያዛችሁ፣ ተፈተናችሁ፣ አለፋችሁ። ዛሬም ከእንቅልፋችሁ ብቀሰቅሳችሁ አንዱንም አትስቱትም። አንትሮፖሎጂስቱ መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሥራው 250 ማኅበረሰቦችን አነጻጽሮ ኑክሌር ቤተሰብ፣ ማለትም ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር፣ የሌለበት ቦታ የለም አለ፤ የፆታ ግንኙነትን ሥርዓት ማስያዝ፣ ዘር መተካት፣ ኢኮኖሚና ትምህርት ብሎም አራት ተግባር ሰጠው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ፓርሰንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ከቤልስ ጋር ሲጽፍ፣ ፋብሪካውና ትምህርት ቤቱ ከቤተሰብ ብዙ ሥራ ቢወስዱም ሁለቱን ማንም አልወሰደበትም አለ፦ ልጅን የማኅበረሰቡ ሰው አድርጎ ማሳደግና የአዋቂዎችን ስብዕና ማረጋጋት።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች ስለ መጨረሻዋ ነው።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ይህንኑ ትምህርት ያጠናሁት ቤታችን ውስጥ፣ ኮሪደሩ ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ ነበር። አባቴ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ሲቃረብ እናቴ ሬዲዮውን ትቀንሳለች፣ ታናናሾቼ የበታተኑትን ትሰበስባለች፣ ከዚያ አንዳች ነገር የምትፈልግ መስላ በሩ አካባቢ ትቆያለች። የምትጠብቀው የቁልፉን ድምፅ ነው። ቁልፉ በአንዴ ከዞረ ደህና ነው፤ ውሎው መልካም ነበር ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንገጫገጨ፣ ቦርሳውም መሬት ላይ ዱብ ካለ፣ ወደ እኛ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። እኛም ጸጥ እንላለን።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ደክሞት፣ ተዋርዶ የሚገባበት ቀን የሚበዛ ሰው ነበር። አለቃው የተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ ለእሷ ይነግራታል። የት ላይ «አይዞህ» እንደሚባል፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ይፈታል። ይስቃል፣ እኛንም በየስማችን ይጠራናል።

አንድ ማታ ይኸው ሲሆን መጽሐፌ ተዘርግቶ ነበር። ገጹ ላይ «የአዋቂዎችን ስብዕና ማረጋጋት» ይላል። ቀና ስል እናቴ ከክፍሉ ወጥታ፣ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ከውስጥ የአባቴና የታናናሾቼ ሳቅ ይሰማል። እያየኋት መሆኑን ስታውቅ «አጥኚ እንጂ!» ብላኝ ተመልሳ ገባች።

ፈተናው ላይ የመጣው ጥያቄ የፓርሰንስን ሁለቱን ተግባራት አብራሩ የሚል ነበር። እንደ መጽሐፉ አብራራሁ። ከሥሩ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ «የምታረጋጋውንስ ማን ያረጋጋታል?» መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ከጥያቄው ጋር አይገናኝም» ብለው ጻፉበት። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣም።

ይገናኛል! ከጥያቄው ጋር ካልተገናኘ ከምን ጋር ሊገናኝ ነው? የመማሪያ መጻሕፍቱ የፓርሰንስን ቤተሰብ ሰው ድካሙን ከሚያራግፍበት የሞቀ ውኃ ጋር ያመሳስሉታል። ውኃው ግን በራሱ አይሞቅም! ፈንክሽናሊስቶች ማኅበረሰብን በሰው አካል፣ ቤተሰብን በአንድ የአካል ክፍል መመሰል ይወዳሉ። ልብና ሳንባ ግን ሥራቸውን ጨርሰው ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ያቺ ሴት ጨፍናለች፤ እኔ አይቻለሁ። እሷን ከሥዕሉ አውጥቶ «ቤተሰብ ያረጋጋል» የሚል መምህር፣ ሳይንስ አስተማርኩ አይበል!

ፈንክሽናሊዝምን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ቤተሰብ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔንም ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ይኸው ጥያቄ ነው። የሚያናድደኝ፣ የእናቴ ጥያቄ መልስ ከራሳቸው ሰፈር ሳይጠፋ ክፍል ውስጥ አለመነሳቱ ነው። ፈንክሽናሊስቶች እንደ አባት የሚቆጥሩት ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ስለ ራስን ማጥፋት ባሳተመው ጥናት የቤተሰብ ትስስር ሰውን እንደሚጠብቅ አሳየ፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን፣ በፈረንሳይ ልጅ የሌላቸው ያገቡ ሴቶች ካላገቡት እኩዮቻቸው በበለጠ ራሳቸውን ያጠፉ እንደነበር፣ ትዳርም ከሚስት ይልቅ ለባል እንደሚበጅ ጽፏል። ይህን ክፍል ስንቶቻችሁ አነበባችሁ? እኔስ መቼ አስተማርኳችሁ? ጥፋቱ የእኔም ነው።

ከዚያው ሰፈር ቮገልና ቤል የተባሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፣ ባልና ሚስት በመካከላቸው ያለውን ውጥረት በአንድ ልጃቸው ላይ እንዴት እንደሚያራግፉት ገለጹ፤ ቤቱ ጸንቶ ይቆማል፣ ልጁ ይታመማል። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ አን ኦክሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት 40 የለንደን የቤት እመቤቶችን አነጋግራ የቤት ውስጥ ሥራን እንደማንኛውም ሥራ መረመረችው። አንትሮፖሎጂስቷ ካትሊን ጎፍ ናያር ስለሚባሉት የሕንድ ሕዝቦች ያጠናችውን፣ ባል ከሚስቱ ጋር የማይኖርበትን ቤተሰብ፣ ላነሳላችሁ አስቤ ነበር፤ ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ ልለፈው።

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ፈተናዬ ላይ ያለው ጥያቄ ይቀየራል። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ «ቤተሰብ ከሚፈጽማቸው ተግባራት አንዱን ምረጡ። በቤታችሁ ማን እንደሚፈጽመው፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያርፍ ጻፉ።» እናንተን አይመለከታችሁም፤ ተመርቃችኋል። ቢሆንም መልሳችሁን ጽፋችሁ ብታመጡልኝ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ቢሮዬ ያው የምታውቁት ነው።

አመሰግናለሁ።