ማይክሮስኮፑ ከካርቶኑ ይውጣ

ክቡራን ርዕሳነ መምህራን፣ የተወደዳችሁ የባዮሎጂ መምህራን፤

ደቂቅ ሕያዋን አቅጣጫቸውን እንዴት እንደሚቀይሩ እንዳስረዳ ነው የተጋበዝኩት። በፓራሚሲየም፣ በኩሬ ውሃ በምትኖረው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር፣ ልጀምር።

ቀድሞ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እውነት ይንቀሳቀሳል?» አለኝ። ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ተባልኩ። ከደመወዜ እንዲቆረጥ ፈርሜ አወጣሁት። ድርቆሽ በኩሬ ውሃ ዘፍዝፈን ሰነበትን። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አደረግን። ፓራሚሲየሟ የሚሊሜትር ሩብ ገደማ ናት፤ በሲሊያዎቿ፣ ገላዋን በሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት፣ እየቀዘፈች ትሄዳለች። እንቅፋት ስትነካ ወደ ኋላ አለች፣ ትንሽ ዞረች፣ እንደገና ወደ ፊት። ልጁ ጮኸ፦ «ቲቸር፣ ዞራ መልሳ እዚያው ተጋጨች እኮ!»

ልክ ነበር! አሜሪካዊው የባዮሎጂ ተመራማሪ ኸርበርት ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ሥራ የጻፈው ይህንኑ ነው። እንቅፋቱ በየትም በኩል ይሁን፣ ፓራሚሲየም የምትዞረው ሁሌ ወደ አንዱ ጎኗ፣ ከአፏ ተቃራኒ ወዳለው ነው። እስኪሳካላት ትሞክራለች። ፊቷ ሲነካ በሽፋኗ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ካልሲየም ይገባል፤ ሲሊያዎቹ ተገልብጠው ይቀዝፋሉ። የገባው ካልሲየም ተጠርጎ ሲወጣ ጉዞዋ ወደ ፊት ይመለሳል። ኋላዋ ሲነካ ደግሞ ወደ ፊት ትፈጥናለች። አንጎል የለ፣ ነርቭ የለ!

ያ ልጅ ይህን በዓይኑ አይቶ ደረሰበት። የቀሩትስ? «እንቅስቃሴ የሕያዋን ባሕርይ ነው» ብለው ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ። አንዲት ሕዋስ ስትንቀሳቀስ ሳያዩ! ማይክሮስኮፑ እንዳይሰበር ተብሎ ልጆቹ ባዮሎጂን ሳያዩት ይመረቃሉ። ይህ ንብረት መጠበቅ አይደለም፤ ማባከን ነው!

ስለ ባክቴሪያ ባጭሩ። ኢ ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ ፍላጀላዎቿ (ጅራት መሰል ክሮቿ) ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሽከረከሩ ቀጥ ብላ ትዋኛለች፤ ሽክርክሪቱ ሲገለበጥ ትንከባለልና በዘፈቀደ ሌላ አቅጣጫ ትይዛለች። የምትፈልገው ምግብ እየበዛ ከሄደ መንከባለሏን ትቀንሳለች። ተመራማሪዎቹ ሃዋርድ በርግና ዳግላስ ብራውን ይህን እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ በአንድ ተከታትለው አሳይተዋል።

ርዕሳነ መምህራን፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ንብረት ክፍሉን አስከፍቱልን። በማስተማር ላይ ለተሰበረ ዕቃ መምህሩ ከደመወዙ እንደማይቆረጥበት በጽሑፍ ስጡን። ድርቆሹንና የኩሬውን ውሃ እኛ እናመጣለን።