ሚዛኑ

እሺ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን የሐሙሱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ሦስተኛ ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ። ትምህርቱ ክብደት ነው፣ ትምህርት ቤታችን ደግሞ ሚዛን የለውም። እኛ መምህራን ስንሠለጥን የተነገረን መርጃ መሣሪያ ከጠፋ ከአካባቢህ ፈልግ ነው። ለመቁጠር ቆርኪ፣ ለቅርጽ ጭቃ። እኔም ረቡዕ ዕለት "ቤት ያላችሁን አምጡ" አልኳቸው። በቃ፣ ይቺን ብቻ ነው ያልኩት።

ሐሙስ ጠዋት አንዱ ልጅ ፌስታል አቅፎ ገባ። ሚዛን! ሁለት ሳህን ያለው፣ ከነመመዘኛ ብረቱ። አንዱ ሳህን ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። መመሪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፣ እኔ ጋ 71 ናቸው፣ 71ዱም ብድግ አሉ። አስጨበጨብኩለት። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው፣ ድምጿን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ መጥታ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ሩብ ኪሎ አልሞላም። "ቲቸር፣ ያንተስ?" አለችኝ። አወለቅኩ። ጫማዬ 500 ግራሙን ብረት ብድግ አደረገው፣ ክፍሉ በእልልታ ተናጋ።

እኔማ አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ልወስዳቸው ሁሉ አስቤ ነበር። ዓሣው ሲመዘን ያያሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ እየቆጠሩ... ግን 71 ልጅ ይዞ ሐይቅ ዳር፣ ብቻዬን፣ ተዉት።

በእረፍት ሰዓት እናቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለካ ልጁ ሳይነግራቸው ነው ያመጣው። ጠዋቱን ሙሉ ሽንኩርቱን በመደብ፣ በዓይን ግምት ሲሸጡ ነው ያረፈዱት፣ በኪሎ ካልሆነ ያለው ደንበኛ እያለፋቸው። ሚዛኑን ሰጠኋቸው። ልጣጩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና "መምህር፣ ልጁን አይቆጡብኝ፤ ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም" አሉኝ።

እኔን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ላጣው ሚዛን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ጠያቂው ደግሞ እኔ ነኝ። ግን ባልጠይቅ ያቺ ልጅ... እሷ እኮ አርብም እጇን አወጣች! መልሱን ሳትስተው። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዝም ብዬ ሰሌዳ ላይ ሚዛን ልሳል?

ሰኞ ሊትር ነው። ልጁ ትናንት ስወጣ በር ላይ ጠብቆኝ "ቲቸር፣ ቤት ጆግ አለን፣ ላምጣ?" አለኝ። ዓይኑን ብታዩት። እኔም... "እስቲ ቆይ" አልኩት።