ዲፌንደሩን ማን አጠፋው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ላፕቶፕ የገዛ ዘመድ ሁሉ እኔ ጋ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «እስቲ ጥሩ አንቲቫይረስ ጫንልኝ» ነው የሚለኝ። መልሴ አጭር ነው፦ «አያስፈልግህም፣ ዲፌንደር የሚባል የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ውስጡ አለልህ።» ይሄን ስላቸው ፊታቸውን ብታዩት! የሰሰትኩባቸው ነው የሚመስላቸው።

አልፈርድባቸውም። አብዛኞቻችን ቫይረስን ያወቅነው በኢንተርኔት ሳይሆን በፍላሽ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች አስታውሱ። አሳይመንት ማስረከቢያ ቀን ነው፤ ሰልፉ አስፋልት ደርሷል፤ ያለው አንድ ኮምፒውተር፤ የስንቱ ፍላሽ ሲሰካበት ሲነቀልበት ይውላል። ፕሪንት አስደርጋችሁ ዶርም ገብታችሁ ስትከፍቱት ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽዬ ቀስት አውጥተዋል። ሾርትከት ቫይረስ!

ተንኮሉ ደግሞ ይገርማል። ዋናውን ፎልደር አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በዚያው ስም ሾርትከት ይተካበታል። ስትጫኑት መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ወዲያው የተደበቀው ፎልደር ይከፈታል። ፋይላችሁን አገኛችሁት፤ ምን ትጠረጥራላችሁ? የጠረጠረው ደግሞ «ቫይረስ በላው» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። እዚያው ተደብቆ የነበረውን የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ቫይረሱ ያልነካውን፣ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። የተደበቀውን ፎልደር መልሳ የምታወጣውን፣ አትሪብ የምትባለውን ትእዛዝ የሚያውቅ ልጅ ያኔ ዶርም ውስጥ ስንት ማኪያቶ እንደተጋበዘ እሱ ነው የሚያውቀው።

በድሮው ዊንዶውስ፣ በኤክስፒ ዘመን፣ ኮምፒውተሩ ራቁቱን ነበር የሚመጣው፤ ከራሱ ጋር የመጣ አንቲቫይረስ አልነበረውም። ፍላሽ ገና ሲሰካ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሳ፣ አውቶራን የሚባል ነገር ደግሞ ነበረ፤ ቫይረሱ በሱ ተጠግቶ ነበር የሚነሳው። ማይክሮሶፍት በ2011፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ቀኑን ሁሉ በነሱ ነው የምናገረው፣ አውቶራን ለፍላሽ እንዳይሠራ አደረገ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ደግሞ ዲፌንደር ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ አብሮ መጣ። የኛ ፍርሃት ግን ኤክስፒ ላይ ቀረ።

ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ድንገት በእንግሊዝኛ «ቫይረስ ዳታቤዙ ታድሷል» የምትለዋ ድምፅ ትዝ ትላችኋለች? አቫስት የምትባለው አንቲቫይረስ ናት። በነፃ ነበረችና ሁሉም ቤት ነበረች። በ2020 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በሚባል እህት ድርጅቱ በኩል ሲሸጥ እንደነበር ይፋ ወጣ፤ ጃምፕሾትም ተዘጋ። በ2024 የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ስለዚህ «ምን ይጎዳል፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይቺ ናት። አንቲቫይረስ ፋይላችሁን ሁሉ የሚያይ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን የምትሰጡት ለማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዊንዶውስ የሚጫንበት ሱቅ ገብታችሁ ልጁ የሚሠራውን ከኋላው ቆማችሁ እዩ። ዊንዶውሱን ይጭናል። ኦፊስ ይጭናል። ከዚያ አክቲቬተሩን፣ ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ እንደተከፈለበት የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ሲከፍት ዲፌንደር ይጮኻል። ልጁ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሪል ታይም ፕሮቴክሽን የሚለውን፣ ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቀውን ክፍል፣ ያጠፋዋል። ተመልሶ እንዳይነቃበት ደግሞ ኤክስክሉዥን ውስጥ ሲ ድራይቭን እንዳለ ያስገባዋል፤ እዚያ ያለውን ነገር በሙሉ እንዳታይ ማለት ነው። በመጨረሻ «አንቲቫይረስም ልጫንልህ?» ይላችኋል። አዎ ስትሉት ከቴሌግራም የወረደ፣ እሱ ራሱ ክራክ የተደረገ፣ ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ አንቲቫይረስ ይጭንላችኋል! ዘበኛውን አባርሮ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በዘበኛ ልብስ በር ላይ ማቆም በሉት።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ማለት ነው፣ ዋና መንገዱ ክራክና ኪይጄን፣ የሐሰት ቁልፍ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ነው። ዒላማው ባንክ አይደለም፣ እንደ እኔና እናንተ ያለ የቤት ተጠቃሚ ነው። የሠርግ ፎቶውን፣ ሰነዱን ሁሉ ይቆልፍና አንዲት የጽሑፍ ፋይል ትቶ ይሄዳል፦ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ ግማሹ፣ 490። ለቆዩት ዓይነቶቹ በ2019 መፍቻ ተሠርቶላቸዋል። ከዚያ በኋላ ለመጡት ግን ባክአፕ ከሌለህ አብዛኛውን ጊዜ አለቀ ነው።

ክራክ የሚጠቀመውን ሰው ልሰድብ አይደለም። ዋጋው በዶላር፣ የሚከፈለው በካርድ፣ እኛ ጋ ካርዱ የታለ? ግን አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስም ይሠራል እኮ! ጥግ ላይ ጽሑፍ ይለጠፍበታል፣ ዎልፔፐር በሴቲንግ አያስቀይርም፣ ዲፌንደሩ ግን ይታደሳል። ለጽሑፍ ሥራ ደግሞ ሊብረኦፊስ በነፃ አለ። የዎልፔፐር ጉዳይ ይሄን ያህል ያስጨክናል?

ሌላው አፕዴት ነው። «ፓኬጄን በላው» ተብሎ ይዘጋል። ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2017 ዓለምን ሲያዳርስ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት በመጋቢት ወጥቶ ነበር። ዊንዶውስ 10 የያዛችሁ ደግሞ ስሙኝ፤ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2025 ላይ አልቋል። ዲፌንደሩ ለጊዜው ቢታደስም የሲስተሙ ቀዳዳ ካልተደፈነ ብዙ አይረዳችሁም።

በስም የሚፈለግ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሲቲዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን አክቲቪስቶች ኢሜይል እየተላከ፣ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ አድሱ እየተባሉ የስለላ ሶፍትዌር ሲላክላቸው እንደነበር ዘርዝሯል። እዚያ ላይ ሱቅ የሚሸጠው አንቲቫይረስ አያድናችሁም፤ ሊንኩን አለመጫን ነው።

እና ላፕቶፓችሁን ሱቅ ከሰጣችሁ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ። ሪል ታይም ፕሮቴክሽን በርቷል? ኤክስክሉዥን ውስጥስ ምን አለ? ሲ ድራይቭን ካገኛችሁት ልጁን «ይሄን አንተ ነህ ያስገባኸው?» በሉትና አስወጡት። የሚላችሁን ደግሞ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ። ቻው።