ጥላ የሚጠፋበት ቀትር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ደብረ ብርሃን ሆኜ ነው የማወራችሁ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ብርዱ ነው፣ ቻሉኝ።

የእህቴ ልጅ ካርታ ላይ የምድር ወገብን አይታ፣ «አክስቴ፣ ኬንያ ስንሄድ ይሄ መስመር ያደናቅፈናል?» አለችኝ። ምን ይመለሳል? «በምናብ የተሰመረ ነው» ብትሏት፣ ለእሷ በምናብ ያለው ጭራቅ ነው።

እኔ ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታዋን አነሳሁባት። «መስመሩን ብትረግጪስ?» አልኳት። «እቃጠላለኋ!» አለች። በጠጠር መሬት ላይ የጫረችው መስመር እኮ ማንንም አያቃጥልም። ልጆቹ ተስማምተውበት ነው። ይህቺ ገባቻት።

ግን ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን የሚነግረን ልኬት፣ ስምምነት ብቻ አይደለም፣ ፀሐይም አለችበት። ሚያዝያ 7 አካባቢ የመጥረጊያ እንጨት ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርገን ተከልን። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ጥላው አጠረ፣ አጠረ፣ እንጨቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። ልጅቷ ዞራ ዞራ ፈለገችው። ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ከዚያ በፊት የቀትር ጥላችን ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ይዞራል። ነሐሴ መገባደጃ ላይም ጥላው ይጠፋል፣ ግን በዚያ ደመና ማን ፀሐይ ያያል?

የምድር ወገብ ላይ ላሉት ይህ የሚሆነው መጋቢት 11 ገደማ ነው። ከእኛ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ነው። ፀሐይ ከዚያ ተነስታ እኛ አናት ላይ ለመድረስ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጅባታል። ካርታው ላይ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ መንገድ ነው። ለልጅ ዲግሪ ከማስቆጠር ይህን ማሳየት ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። «ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ይሞቃል» ይባላል። ጋቢ ተከናንባ ለምትማር ልጅ ይህን ንገሯት እስቲ! የጊኒዋ ኮናክሪ ከእኛ ጋር አንድ ኬክሮስ ላይ ናት ማለት ይቻላል። እሷ ውቅያኖስ ጠርዝ ላይ ናት፣ በሙቀት ትነዳለች። እኛ 2,800 ሜትር ላይ ተሰቅለን እንንቀጠቀጣለን።

«እነሱም ጋ ጥላ ሚያዝያ ላይ ይጠፋል?» አለች። አዎ፣ በዚያው ሰሞን። ቀትራቸው ግን ከእኛ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይዘገያል። «ለምን?» መጣ። እሱ ካርታው ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩት የቋሚዎቹ መስመሮች ጣጣ ነው፤ ለእሷም ለእናንተም ሌላ ቀን። ደህና ሁኑልኝ።