ከዓሣ ማባዣው የቀራችሁት፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ! ሌሊት ተነስታችሁ ከደብረ ማርቆስ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነጻ የሰጡንን፣ ቡናውን የሚያፈሉልንን እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልን። ሪፖርቱን ጸሐፊው ያነብላችኋል። በአጭሩ ችግኝ ተክለናል፣ ጣና ዳር ወጥተን እምቦጭ ነቅለናል፣ ተማሪዎችን ይዘን ዓሣ ማባዣ ጣቢያ ሄደናል። ካዝናው ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ስለ ጉብኝቱ ልናገር።

ዓመቱን ሙሉ ትራውት በሚባል ዓሣ ስንጨቃጨቅ ከርመናል። አንድ አባላችን ባሌ ደርሶ መጣና፣ «እዚያ ወንዙ ውስጥ ትራውት አለ፤ እኛ ጮቄን የመሰለ ብርዳም ተራራ ይዘን ምን አነሰን?» አለ። ጥያቄው ደግ ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውኃ ይወዳል፣ ጮቄ ደግሞ ይህ ሞልቶታል። ግን ዓሣው ለባሌም ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው። ሥጋ በል ስለሆነ ትንንሾቹን ዓሦች አይምርም። ከጮቄ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ዓባይ ነው የሚገባው። አይሆንም ብያለሁ፣ ዛሬም አይሆንም እላለሁ። ይልቅ የራሳችን ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉን። ስንቶቻችን ለይተን እናውቃቸዋለን?

ለዚህ ክርክር ስብሰባ ሲጠራ ወንበር ይጠፋል። ለጉብኝቱ 14 ሰው «እመጣለሁ» ብሎ ተመዘገበ። ንጋት 12 ሰዓት ሚኒባሱ አጠገብ የቆምነው ከተማሪዎቹ ሌላ ሦስት ነን። አንዷ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ ናቸው። ነዳጁንም ከኪሳችን ሞላን።

የቀራችሁት ምን እንዳመለጣችሁ ልንገራችሁ። ባለሙያው ከኩሬው አንዲት ቀረሶ አወጣና አፏን በጣቱ ከፈት አድርጎ ሳህን ላይ አራገፋት። ሽምብራ የማያክሉ ቢጫ እንቁላሎች ተዘረገፉ። ቀረሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው። «ታዲያ ሲርባትስ?» አለች ሳህኑን የያዘችው ልጅ። «ትጾማለቻ!» አላት። ልጅቷ ሳህኑን እስኪቀበሏት ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

ኩሬዎቹ ላይ ወፍ መከላከያ መረብ ተወጥሯል። መረብ በሌለው በኩል ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ቆየችና ጥልቅ! ዓሣዋን ይዛ ወጣች። ዘበኛው «ሌባ!» ብሎ ጮኸ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። በሳቅ ሞትን። ማዶ ዋርካው ላይ ደግሞ ራሱ ነጭ የሆነ የዓሣ ንስር ተቀምጦ ነበር። እሱን ለማየት ልጆቹ ተሰልፈው በሦስት ባይኖክላር ተራ ጠበቁ።

ሦስት የሆነው አራተኛው አንድ አባል ቤት ስለቀረ ነው። «ለሳምንት» ተብሎ ከሄደ ዓመት አለፈው። ወንድሜ፣ ዛሬም አልመጣህም። ጎረቤቱ የሆናችሁ ንገሩልኝ፤ አልቆጣም፣ ዕቃውን ብቻ ይላክ።

ቀጣዩ ጉብኝት ኅዳር ላይ ነው። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ አለ። በዚህ ጊዜ ከስማችሁ ጎን የነዳጁን መዋጮ ከፍላችሁ ነው የምትፈርሙት። የትራውት ተከራካሪዎች፣ መጀመሪያ እናንተ።

ጸሐፊ፣ ቀጥል።